ሁለቱ ስምምነቶች፤ በቤተ ሰብ ሕጋችን ስለሚገኘው በስምምነት የሚደረግ ፍች የቀረበ ትችት

ስለ ጋብቻ መፍረስ በትምህርት ቤትም ሆነ በአደባባይ ሲነገር በአሳባችን ቶሎ የሚመጣው ጠብ ነው። ባልና ሚስት በዳኛ ፊት ቆመው ይካሰሳሉ፤ ምስክር ይቈጠራል፤ ገመና ይወጣል፤ በመጨረሻም ፍርድ ይሰጣል። ስለዚህ ዓይነቱ ፍች ብዙ ይባላል። ነገር ግን ያለ ክስና ያለ ምስክር፣ ተስማምተው ለመለያየት ስለሚቀርቡት ባልና ሚስት የሚነገረው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስላል፤ «ሁለቱ ከተስማሙ ሦስተኛ ሰው ምን ይመረምራል?» የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንቃወመው ይህንኑ አሳብ ነው። ጠብ ያለበት ፍች በባሕርዩ ራሱን ይገልጣል፤ አንዱ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል። ስምምነት ያለበት ፍች ግን ጸጥ ያለ በመሆኑ፣ በውስጡ በደል ቢኖር የሚናገርለት የለም። ስለዚህ ዳኛ ይበልጥ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገሩ ጸጥ ባለበት መዝገብ ነው እንላለን። ይህንንም ለማስረዳት በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ከአንቀጽ 76 እስከ 80 የሚገኘውን ክፍል መርጠን፣ መልካሙን መልካም፣ የጎደለውንም የጎደለ እያልን እንመለከተዋለን። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፣ የምንናገረው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሚሠራበት ስለ ፌዴራሉ ሕግ ብቻ ነው።

ከሕጉ በፊት የነበረው ልማድ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ስለ አሁኑ ሕግ ከመናገራችን በፊት ከእርሱ አስቀድሞ የነበረውን ባጭሩ ማንሣት ይገባል።

በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ ጋብቻ አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስት እስከ ሞት ድረስ እንደማይለያዩ ይቈጠራሉ፤ ሁለቱ ተስማምተው ወደ ምንኩስና ካልሄዱ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ማሰሪያው አይፈታም። በሰማንያ የተጋቡት ግን ውላቸው በሽማግሎች ፊት የተደረገ በመሆኑ፣ እንዲሁ በሽማግሎች ፊት ሊፈርስ ይችል ነበር። በሙስሊሞች ዘንድም ባልና ሚስት ተስማምተው የሚለያዩበት መንገድ በሸሪዓ ሕግ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። እንግዲህ ተስማምቶ መለያየት ከውጭ አገር የመጣብን አዲስ ነገር አይደለም።

ሰማንያ ሲፈርስ የሁለቱም ወገን ሽማግሎች ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራሉ፤ ዕርቁ አልሆን ሲል ወደ ንብረቱ ይሻገራሉ። ከብቱ ስንት ነው፣ ከማን ወገን መጣ፣ በጎተራ የቀረው እህል ምን ያህል ነው፣ ዕዳስ አለ ወይ እየተባለ ይጠየቃል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ሽማግሎቹ ጎረቤትና ዘመድ በመሆናቸው የቤቱን ሀብት አስቀድመው የሚያውቁት መሆኑን ነው። ባል «ያለኝ ሁለት በሬ ብቻ ነው» ቢል፣ ሦስተኛውን በሬ በመስክ ያዩት ሰዎች በፊቱ ተቀምጠዋል።

እንዲህ ስንል የቀድሞው ልማድ ፍጹም ፍትሕ ይሰጥ ነበር ማለታችን አይደለም። በሽምግልና የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ነበሩ፤ ከአገሯ ርቃ የተዳረች፣ በአጠገቧም ወንድም ወይም አጎት የሌላት ሴት የሚከራከርላት ሰው ማግኘቷ ያጠራጥር ነበር። የሆነ ሆኖ ልማዱ አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ ይኸውም ስምምነቱን የሚሰሙት ሰዎች የቤቱን ጓዳ የሚያውቁ መሆናቸው ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ ስለምንመለስበት በዚሁ እናቆየው።

የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ

ከዚህ በኋላ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ አርቃቂነት የተዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ. ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ከልማዱ ያስቀረው አለ፤ የተወውም አለ። ሽማግሎቹን አልተዋቸውም፤ የፍች አቤቱታ ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች እንዲቀርብ አድርጓል። ስምምነትን ግን ተወ፤ የባልና የሚስት መስማማት ብቻውን ጋብቻን ለማፍረስ እንደማይበቃ ደነገገ። በዚህ ፈንታ የፍችን ምክንያት ከባድና ከባድ ያልሆነ ብሎ ከፈለው። ምንዝርናና ቤትን ጥሎ መጥፋት ከከባዶቹ ምክንያቶች ተቈጠሩ፤ ጥፋተኛ የተባለውም ወገን በንብረት ክፍያ ሊጐዳ ይችል ነበር።

እንዲህ ያለው ድንጋጌ በዚያን ዘመን እንግዳ አልነበረም። አርቃቂው በመጡባት በፈረንሳይም በ1792 (በአውሮጳ አቈጣጠር) የተፈቀደው የስምምነት ፍች በ1816 ፍች በጠቅላላው ሲከለከል ቀርቶ፣ ፍች ራሱ በ1884 ሲመለስ ስምምነት አብሮ ሳይመለስ እስከ 1975 ቈይቷል። ይህ ብቻውን የእኛን ሕግ እንዲህ አደረገው ለማለት ባንደፍርም፣ የዘመኑ አስተሳሰብ እንዲህ እንደ ነበረ ግን ያመለክታል።

የ1952ቱ ሕግ አሳብ ጋብቻን ማጽናት እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ውጤቱ ግን ይመርመር። ከባድ ምክንያት በማይገኝበት ጊዜም ሽማግሎቹ ለማስታረቅ ሞክረው ካልሆነላቸው የነገሩ ፍጻሜ ፍች ነበር። እንግዲህ ሕጉ የከለከለው መለያየቱን ሳይሆን «ተስማምተናል» ብሎ መናገሩን ነበር ማለት ይቻላል። ቶሎ ለመለያየት የፈለገ ሰው ደግሞ የትዳር ጓደኛውን ጥፋት ፈልጎ ማቅረብ ይጠቅመው ነበር። ጋብቻን ለማክበር የወጣ ደንብ፣ ሳይጣሉ ሊለያዩ የሚችሉትን ሰዎች ወደ መካሰስ የሚገፋ ከሆነ፣ ክብሩን ለማን እንደ ሰጠ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የ1992 ዓ. ም. ሕግ ያሻሻለው

ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ. ም. ጀምሮ የጸናው አዋጅ ይህን አቋም ለወጠ። በአንቀጽ 76 መሠረት ፍች በሁለት መንገድ ይፈጸማል፤ አንደኛው ባልና ሚስት በስምምነት ለመፋታት ሲወስኑና ውሳኔያቸው በፍርድ ቤት ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ሁለተኛው አንዳቸው ወይም ሁለቱም በአቤቱታ ፍች ሲጠይቁ ነው። ጋብቻን የማፍረሱ ሥልጣን ከሽማግሎች ወጥቶ ለፍርድ ቤት ተሰጠ።

በአንቀጽ 77 ከተጻፉት አሳቦች ሁሉ እኛ በጣም የምናመሰግነው፣ ተስማምተው የሚፋቱ ባልና ሚስት ምክንያታቸውን ለመግለጽ እንደማይገደዱ የሚናገረውን ነው። ይህ ትንሽ ቃል ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የቤታቸውን ገመና በችሎት ለማይዘረግፉ ሰዎች መሸሸጊያ ሆነ። ልጆቻቸውም ካደጉ በኋላ መዝገቡን ቢያዩ አባታቸው እናታቸውን፣ እናታቸውም አባታቸውን የሰደቡበትን ቃል አያገኙበትም። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል፤ የአንዱ መዋረድ ለሌላው እንደማይተርፍ ሕጉ የተረዳው ይመስላል።

ቀጥሎም በአንቀጽ 78 ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን በአንድነት ወይም በተናጠል አነጋግሮ አሳባቸውን እንዲለውጡ እንዲመክራቸው፣ ምክሩ ካልያዘም ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው እንደሚችል ተደንግጓል። በአንቀጽ 80 ደግሞ ዳኛው ስምምነቱ የሁለቱም እውነተኛ አሳብና ነጻ ፈቃድ መሆኑን፣ ሕግንና መልካም ጠባይንም የማይቃወም መሆኑን ሲያምንበት ብቻ እንዲያጸድቀው ታዟል። የስምምነቱ ውጤት ልጆቹን ወይም ከተጋቢዎቹ አንዱን በበቂ የማይጠብቅ ሆኖ ካገኘው፣ ፍችውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ጉድለት ራሱ በውሳኔ ማረም ይችላል። ሕግ አውጪው ስምምነት ሁሉ ጤናማ ነው ብሎ አለመገመቱ ከዚህ ይታያል።

ጉድለቱ የት ላይ ነው

አሁን ወደ ትችታችን እንመጣለን። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ በእውነቱ ሁለት ስምምነት ይፈርማሉ። የመጀመሪያው «እንለያይ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «እንዲህ ሆነን እንለያይ» የሚለው ነው፤ ይኸውም ቤቱ ለማን፣ ልጆቹ ከማን ጋር፣ ቀለቡ ስንት፣ ዕዳውን ማን ይከፍላል የሚለው ሁሉ ነው። የመጀመሪያውን ከባልና ሚስቱ የተሻለ የሚያውቅ ዳኛ የለም። ሁለተኛው ግን ስሌትና ማስረጃ የሚፈልግ፣ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው የማያውቅበት፣ ድካምና ፍርሃትም የሚገባበት ስምምነት ነው።

የሕጉን አንቀጾች በዚህ ዓይን ስናያቸው፣ ጥረታቸው በብዛት የተደረገው በመጀመሪያው ስምምነት ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ማነጋገሩና መምከሩ፣ የማሰላሰያውም ጊዜ፣ ሁሉም «እባካችሁ አትለያዩ» ለማለት የተሠሩ ናቸው። ስለ ሁለተኛው ስምምነት ሕጉ ለዳኛው ሥልጣን ሰጥቶታል፤ በምን መንገድ እንደሚመረምረው ግን አልነገረውም። የንብረት ዝርዝር ከስምምነቱ ጋር ተያይዞ ይቅረብ የሚል ቃል በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ የለም። በተናጠል ማነጋገሩም በ«ወይም» የታሰረ ስለሆነ ዳኛው ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ጠይቆ ቢያሰናብት ሕጉን አልጣሰም።

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እናስብ። ባል ነጋዴ ነው፤ ሚስት 15 ዓመት ሙሉ ቤት ይዛ ልጆች አሳድጋለች። ሱቁ፣ መኪናውና የባንኩ ሒሳብ በባል ስም ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ ያዘጋጀው ወረቀት እንዲህ ይላል እንበል፦ «የጋራ ንብረታችንን ተካፍለን ጨርሰናል፤ ከእንግዲህ የምንጠያየቀው ነገር የለም። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ፤ አባትም እንደ ዐቅሙ ይረዳል።» ዳኛው «ይህ ፈቃዳችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለቱም «አዎን» ይላሉ። እንግዲህ ዳኛው በምን ያውቃል?

«ተካፍለን ጨርሰናል» የሚለው ቃል የተደመደመ ሒሳብ እንጂ ሒሳቡ አይደለም። በሕጉ መሠረት በጋብቻ ዘመን የተገኘ ሀብት በአንዱ ስም የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም እኩል ይካፈላል። ሴቲቱ ይህን ሳታውቅ ፈርማ እንደ ሆነ፣ የፈረመችው ስለ ሀብቷ ሳይሆን ስለ ባሏ ቃል ነው። ምናልባት አውቃው ሊሆን ይችላል፤ አውቃ የተወችው እንደ ሆነም መብቷ ነው። ነገር ግን አውቆ መተውና ሳያውቁ መተው በወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል አላቸው። ሁለቱን ለመለየት የሚችለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ ዳኛው መጀመሪያ ምን ምን ንብረት እንደ ነበረ ማወቅ አለበት።

«እንደ ዐቅሙ ይረዳል» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። የወሩ መጠን ያልተቈረጠለት፣ የሚከፈልበት ቀን ያልተጻፈለት ቀለብ ባልተከፈለ ጊዜ ለፍርድ አፈጻጸም ያስቸግራል፤ የሚያስፈጽመው ችሎት ስንት ብር ብሎ ያስፈጽማል? የሕጉ አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አያያዝ፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር እንዲመለከት ያዛል። ተስማምተው በቀረቡ ወላጆች መዝገብ ውስጥ ግን ገቢ ካልተጻፈ ዳኛው የሚመለከተው ነገር የለውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ በዚህ ወረቀት በጣም የሚነኩት ልጆች በስምምነቱ ላይ ፊርማ የሌላቸው መሆኑ ነው።

ደካማው ወገን ሁልጊዜ ሚስት ናት አንልም። ማንበብ የማይችል ባል፣ የታመመ ባል፣ ሚስቱ የምትነግድለት ባል ሊኖር ይችላል። ቁም ነገሩ ከሁለቱ አንዱ ስለ ቤቱ ሀብት ከሌላው ያነሰ ሲያውቅ ወይም ከሌላው ይበልጥ ሲደክመው፣ ስምምነቱ የሚያዘነብል መሆኑ ነው። «ብቻ ይገላግለኝ» የሚል ሰው ሁሉ ይፈርማል።

ቀደም ብለን ያቈየነው ነጥብ አሁን ይመለሳል። የቀድሞ ሽማግሎች ሦስተኛውን በሬ ያውቁት ነበር። ሥልጣኑ ወደ ፍርድ ቤት ሲዛወር ነጻነትና እኩልነት በሕግ ተጠናክሯል፤ በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በፍች ጊዜም እኩል መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። ነገር ግን በዝውውሩ የጠፋ ነገር አለ፤ እርሱም የቤቱን ጓዳ የሚያውቅ ዓይን ነው። ፍርድ ቤቱ የጎረቤትን ዓይን ሊያመጣ አይችልም፤ በፈንታው ግን የተጻፈ ዝርዝር ሊጠይቅ ይችላል።

ከሌላ አገር የምናገኘው ትምህርት

ፈረንሳይ በ1975 የስምምነትን ፍች ከመለሰች በኋላ ከጥር 1 ቀን 2017 (በአውሮጳ አቈጣጠር) ጀምሮ ከዚያ አልፋ፣ ተስማምተው የሚለያዩ ባልና ሚስት ያለ ዳኛ እንዲፈጽሙ ፈቀደች። በችኮላ ለሚያነብ ሰው ይህ መንግሥት እጁን የሰበሰበበት ይመስላል። ነገር ግን ዳኛው ሲወጣ ሌላ ጥበቃ ገብቷል። ባልና ሚስት ለየራሳቸው ጠበቃ ሊኖራቸው ግድ ነው፤ አንድ ጠበቃ ለሁለቱ አይሆንም። የስምምነቱ ረቂቅ ከደረሳቸው በኋላ 15 ቀን ሳይሞላ መፈረም አይችሉም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጃቸው በዳኛ ፊት ቃሌ ይሰማልኝ ካለ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በመጨረሻም ሰነዱ በውል አዋዋይ ዘንድ ይቀመጣል።

ይህን ሥርዓት እንዳለ ወደ አገራችን እናምጣ ማለታችን አይደለም። ለሁለቱም ወገን ጠበቃ የማቆም ወጪ በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚችለው አይደለም፤ ከዳኛ ውጭ የሚደረግ ፍችም ለእኛ ጊዜው አልደረሰም እንላለን። የምንወስደው ትምህርት ግን አለ፤ ይኸውም የፈረንሳይ ሕግ ጥበቃውን በሁለተኛው ስምምነት ላይ ማድረጉ ነው። 15ቱ ቀን የተሰጠው እንዲታረቁ ሳይሆን የሚፈርሙትን አንብበው እንዲረዱት ነው።

ለሚቃወሙን የምንሰጠው መልስ

ከጓደኞቻችን መካከል ሁለት ዓይነት ተቃውሞ እንደሚነሣ እንገምታለን። የመጀመሪያዎቹ «ዐዋቂ ሰው የፈረመውን ዳኛ መልሶ መመርመሩ ሰውን እንደ ሕፃን መቍጠር ነው» ይላሉ። ለእነዚህ መልሳችን፣ ነጻ ፈቃድ የሚኖረው ዕውቀት ሲኖር ነው የሚል ነው። ዳኛው ሀብቱን ዘርዝሮ ካሳየ በኋላ ሴቲቱ «ለእርሱ ይሁንለት» ብትል ፈቃዷ ይከበር። እኛ የምንጠይቀው ውሳኔዋ እንዲለወጥ ሳይሆን ከምን ላይ እንደ ወሰነች እንዲታወቅ ነው።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ «በስምምነት መፋታት ራሱ ጋብቻን ያቀላል፤ ስለዚህ መጥበብ አለበት» ይላሉ። ይህን መንገድ የ1952ቱ ሕግ ሞክሮታል። መንገዱ ሲጠብ ደግሞ ሰዎች ያለ ወረቀት መለያየት ይመርጣሉ። ከዓመታት በኋላ ውርስ ወይም ቤት ሲያጣላቸው «ያ ጋብቻ ፈርሶ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎትም ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት ጋብቻቸው ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔም እንደ ፈረሰ ሊቈጠር ይችላል ብሎ የወሰነበት ጊዜ አለ። ይህ ውሳኔ ለክርክር የተጋለጠ ነው፤ ነገር ግን ሰዎች በሕጉ በር ሳያልፉ እንደሚለያዩ ይመሰክራል። በሕጉ በር እንዲያልፉ ከፈለግን በሩ ክፍት መሆን አለበት፤ በበሩ ላይ ግን የሚጠይቅ ሰው ይቁም።

የምናቀርበው አሳብ

ከላይ ከተናገርነው ተነሥተን ሦስት ነገር በትሕትና እናቀርባለን። አንደኛ፣ በስምምነት ለመፋታት የሚቀርብ ማመልከቻ ሁሉ የጋራና የግል ንብረትን እንዲሁም ዕዳን የሚዘረዝር፣ በሁለቱም የተፈረመ መግለጫ ይያያዝበት። ሁለተኛ፣ ባልና ሚስቱ ጠበቃ የሌላቸው ሲሆን ዳኛው ስለ ስምምነቱ ውጤት እያንዳንዳቸውን ለብቻ መጠየቁ ግዴታ ይሁን፤ ማንበብ ለማይችለውም ስምምነቱ ተነቦለት መረዳቱ በመዝገብ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የልጆች ቀለብ በቍጥርና በቀን የተወሰነ ካልሆነ የስምምነቱ ያ ክፍል አይጽደቅ።

እነዚህ ሦስት ነገሮች አዲስ መሥሪያ ቤት ወይም ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ጊዜም ቢሆን ተሰጥቷል፤ ሕጉ ለማሰላሰያ የፈቀደው እስከ 3 ወር የሚደርስ ጊዜ፣ ዕርቅ የማይፈልጉ ባልና ሚስት ዝም ብለው የሚያሳልፉት ከሚሆን፣ ሒሳባቸውን የሚያጠሩበት ይሁን። አዋጁ እስኪሻሻል ድረስ ዳኞች በአንቀጽ 80 ባላቸው ሥልጣን ይህን ማድረግ የሚከለክላቸው ነገር አይታየንም።

የ1992ቱ ሕግ ሰዎች ሳይዋረዱ የሚለያዩበትን በር ከፍቷል፤ ይህ ዋጋው ትልቅ ነው። የቀረው ሥራ፣ በዚያ በር የሚወጡት ሁለቱም ድርሻቸውን በእጃቸው ይዘው መውጣታቸውን ማረጋገጥ ነው። መዝገቦቹን በየችሎቱ እየቈጠሩ፣ ስንቱ ስምምነት ዝርዝር እንዳለውና ስንቱ «ተካፍለን ጨርሰናል» በሚል ቃል ብቻ እንደ ጸደቀ መመርመር ለሕግ ተማሪዎች የሚገባ ጥናት ነው። መምህራኖቻችን ቢመሩን፣ ጓደኞቻችንም ቢተባበሩን ሥራው ከዚህ ጽሑፍ አልፎ እንደሚሄድ ተስፋ እናደርጋለን።